የቦሎቄ ቡቃያ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆንባችሁ፦ ማዳበሪያ ከመበተናችሁ በፊት አንዷን ነቅላችሁ እዩ

ቦሎቄ ወይም ፎሶሊያ ዘራችሁ፣ በቀለ፣ ደስ አላችሁ፣ ከዛ በ2ኛው ወይ በ3ኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ብቅ ስትሉ ቅጠሉ ወይቧል። አብዛኛው ሰው እዚጋ ከሁለት አንዱን ነው የሚያደርገው፣ ወይ ውሀ ይጨምራል ወይ ማዳበሪያ ይጨምራል። እኔ ደሞ ሁለቱንም አድርጌ ነው የመጀመሪያ መደቤን የጨረስኩት። ናይትሮጅን አንሶት ነው ብዬ ዩሪያ በእፍኝ በተንኩበት፣ እንዲሟሟ ብዬ በላዩ ውሀ ለቀቅኩበት፣ በ4ኛው ቀን የቅጠሉ ዳር ዳር ተቃጥሎ መደቡ በሙሉ ጠወለገ። ተናድጄ ስነቅለው ስሩ ቡናማ ሆኗል፣ በጣቴ ሳብ ሳደርገው ልጣጩ እንደ ካልሲ ወለቀ። ለካ ከመጀመሪያውም ችግሩ የውሀ ብዛት ነበር፣ ስሩ ታፍኖ መብላት አቅቶት ነው የገረጣው፣ እኔ ደሞ መብላት ላቃተው ምግብ ደራረብኩበት።

ከዛ ወዲህ አንድ ህግ አለኝ፣ ቢጫ ቅጠል ካየሁ ውሀም ማዳበሪያም ሳልነካ በፊት አንድ ቡቃያ እሰዋለሁ፣ ነቅዬ ስሩን አያለሁ። ቢጫነት እንደ ሆድ ቁርጠት ነው፣ ከሀያ ነገር ሊመጣ ይችላል፣ ለሀያውም የሚሆን አንድ መድሀኒት የለም። ከታች የፃፍኩት እኔ ራሴ የማደርገውን በቅደም ተከተሉ ነው፣ ከማያስከፍለው ከማየት ተነስቶ።

አንድ ነገር ላስቀድም፣ የማወራው ስለ ቦሎቄ ነው፣ ለጋ ሳለ ከነዛላው የሚለቀመው ፎሶሊያም ያው ተክል ነው። ባቄላ ሌላ ነገር ነው፣ ባቄላ ብርድ ይችላል፣ ሲበቅልም ፍሬውን አፈር ውስጥ ትቶ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ እዚህ ያለው አንዳንዱ ነገር ለሱ አይሰራም።

1ኛ፦ እጃችሁን ኪስ ከታችሁ የትኛው ቅጠል እንደወየበ እዩ

ቦሎቄ ሲበቅል ያቺን ለሁለት የተከፈለች ፍሬ ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ ነው ከአፈር የሚወጣው። እነዛ ሁለት ወፈር ያሉ ነገሮች ቅጠል ይመስላሉ እንጂ ስንቅ ናቸው፣ ቡቃያው ስር እስኪሰድና የራሱን ቅጠል እስኪዘረጋ የሚኖረው በነሱ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ይወይባሉ፣ ይጨማደዳሉ፣ ይረግፋሉ፣ ይሄ ከበቀለ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ የሚሆን ነገር ነው። ቢጫ የሆነባችሁ እነዛ ብቻ ከሆኑ ምንም ችግር የለም፣ እዚሁ ጋ ማንበብ አቁሙ። እውነቴን ነው፣ "ቦሎቄዬ ቢጫ ሆነ" ብለው ፎቶ ከሚያሳዩኝ ሰዎች ውስጥ የስንቁን መድረቅ እንደ በሽታ ያዩት ቀላል አይደሉም።

ከስንቁ ቀጥለው የሚወጡት ሁለቱ ቅጠሎች የልብ ቅርፅ ያላቸው ናቸው፣ ፊት ለፊት ሆነው አንድ ላይ ነው የሚወጡት። ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ባለ ሶስት ነው፣ በአንድ አገዳ ላይ ሶስት ሆኖ ነው የሚወጣው። ይሄን መለየት ግድ ነው ምክንያቱም ቀጥሎ ያለው ጥያቄ "ቢጫው ከታች ነው ከላይ?" የሚል ነው።

ከታች፣ ማለትም አሮጌው ቅጠል ላይ ከጀመረ፣ ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን ወይም ማግኒዥየም ወይም ፖታሺየም ነው፣ ወይ ደሞ ስሩ ታሟል። እነዚህን ንጥረ ነገሮች ተክሉ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ይችላል፣ ሲያንሱት ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣል፣ እናት ከራሷ ቀንሳ ለልጇ እንደምታጎርሰው። ከላይ፣ አዲሱ ቅጠል ላይ ከጀመረ ደሞ አይረን፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝ ወይ ሰልፈር ነው የሚጠረጠረው፣ እነዚህ አንዴ ገብተው ከተቀመጡበት ቅጠል እንደልብ አይነሱም፣ ስለዚህ እጥረቱ የሚታየው አዲስ የሚወጣው ላይ ነው።

ቀጥሎ የቢጫውን መልክ እዩ። ቅጠሉ በሙሉ እኩል ገርጥቷል? ወይስ ስሮቹ (የቅጠሉን ደም ስሮች ማለቴ ነው) አረንጓዴ ሆነው መሀል መሀሉ ነው ቢጫ? ወይስ ዳር ዳሩ ብቻ? ወይስ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ነው? ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱት፣ በኋላ ለማወዳደር ይጠቅማችኋል፣ በአይን የተያዘ ነገር ይረሳል።

2ኛ፦ ወደኋላ 5 እርምጃ ሂዱና መደቡን በሙሉ እዩት

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ቅጠል ላይ አፍጥጦ ይቀራል። ግን የቢጫው አቀማመጥ ራሱ ይናገራል። መደቡ በሙሉ እኩል ከገረጣ ነገሩ አፈር ወይ አየር ወይ ውሀ ነው፣ ተባይ እኩል አካፍሎ አይበላም። ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ውሀ ይተኛበታል ማለት ነው። እዚህ አንድ እዛ አንድ ከሆነ በሽታ፣ ግንድ ውስጥ የገባ ትል ወይ ከዘሩ ጋር የመጣ ቫይረስ ነው። በአንድ በኩል መስመር ይዞ ከሆነ ደሞ ከዛ ወገን ምን አለ ብላችሁ ጠይቁ፣ ፀረ አረም ተረጭቶ ነፋስ አምጥቶት ሊሆን ይችላል፣ ወይም የሲሚንቶ ግንብ ስር ከሆነ ከግንቡ እየታጠበ የሚወርደው ኖራ አፈሩን አበላሽቶት ይሆናል። የግንብ ጥግ ላይ የተዘራ ቦሎቄ አዲስ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ግንቡን ነው።

3ኛ፦ ጣታችሁን አፈር ውስጥ ክተቱ

ላዩን አይታችሁ አትፍረዱ፣ የአፈር ላይ ውሸታም ነው፣ ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ከስር ጭቃ ሊሆን ይችላል። ጣታችሁን 5 ሴንቲ ያህል አስገቡና አውጡት። አፈር ተጣብቆበት ቀዝቀዝ ብሎ ከወጣ ውሀ አለ፣ አታጠጡ። ትንሽ እፍኝ ወስዳችሁ ጨምቁት፣ ውሀ ጠብ ካለ ከልክ በላይ ነው፣ ተጨምቆ ቅርፁን ይዞ በጣት ነካ ሲደረግ ከፈረሰ ጥሩ ነው፣ ጭራሽ አልያዝ ካለ ደርቋል።

እዚጋ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ቅጠሉ ጠውልጎ አፈሩ ግን እርጥብ ከሆነ ብዙ ሰው "ጠምቶት ነው" ብሎ ይጨምርበታል። ስር ኦክስጅን ይፈልጋል፣ በአፈር ቅንጣቶች መሀል ያለው ክፍተት በሙሉ ውሀ ሲሞላ አየር ያጣል፣ አየር ያጣ ስር ደሞ ውሀውንም ምግቡንም መሳብ ያቆማል። ስለዚህ በውሀ ተከቦ በጥም ይጠወልጋል። ጠውልጎ አፈሩ እርጥብ ከሆነ አደራ እጃችሁን ከውሀ ማጠጫው ላይ አንሱ።

4ኛ፦ አሁን አንዷን ንቀሉ

ያሳዝናል አውቃለሁ፣ ግን ከ30 ቡቃያ አንዱ ሄዶ 29ኙ ይትረፍ። ጭራሽ የሞተውን ሳይሆን መሀከለኛ የታመመውን ምረጡ፣ በጣም የበሰበሰ ነገር ምን እንደገደለው አይናገርም። ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ፣ ስሩ እዛው ይቀራል። በትንሽ አካፋ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አንሱት፣ ባልዲ ውሀ ውስጥ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ እጠቡት። ከተቻለ ጤነኛ ከሚመስለውም አንድ አንስታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ልዩነቱ ያኔ ነው ቁልጭ የሚለው።

ጤነኛ ስር ነጭ ወይ ክሬም ነው፣ ሲታጠፍ ቀጭ ይላል፣ የአፈር ሽታ ነው ያለው። ቡናማ፣ ልፍስፍስ ያለ፣ ልጣጩ ተስቦ ውስጡ እንደ ክር የሚቀር፣ ሽታው የከረመ ውሀ የሚመስል ከሆነ ስር አበስብስ ነው። ዋናውን ስር ተከትሎ ቀይ ቡናማ ሰረዝ ሰረዝ ካለ ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ነው የሚጠረጠረው፣ ግንዱ ላይ አፈር ጫፍ አካባቢ ጎድጎድ ያለ ቀላ ያለ ቁስል ካለ ሪዞክቶኒያ። ስማቸውን መያዝ ግዴታ አይደለም፣ መፍትሄው ተቀራራቢ ነው፣ ሁለቱም በእርጥብና በታመቀ አፈር ላይ ነው የሚበረቱት።

አሁን ወደሚያምረው ክፍል እንምጣ። ስሩ ላይ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ እብጠቶች ታያላችሁ? እነሱ ኖዱል ይባላሉ፣ ውስጣቸው ራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ከአየር ላይ ናይትሮጅን ይዞ ለተክሉ ይሰጠዋል፣ ተክሉ በምላሹ ስኳር ይከፍለዋል። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይ ቀይ ከሆነ እየሰራ ነው፣ ቀለሙ የመጣው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ዝምድና ካለው ሌግሄሞግሎቢን ከሚባል ነገር ነው፣ ኦክስጅኑን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ነጭ ከሆነ ወይ ገና ነው ወይ የማይሰራ ባክቴሪያ ነው የገባው፣ አረንጓዴ ወይ ቡናማ ከሆነ ጊዜው አልፏል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሰንጥቄ ሮዙን ሳይ ለቤቱ ሰው ሁሉ ጠርቼ አሳይቻለሁ፣ ማንም ያን ያህል አልተደነቀም እንጂ።

እብጠት ሁሉ ግን ኖዱል አይደለም። ኖዱል ከስሩ ጎን ተለጥፎ ነው የሚቀመጠው፣ በጣት አሸት ሲደረግ ይወልቃል። ራሱ ስሩ ተወጣጥሮ አብጦ ከሆነና በማሸት የማይለቅ ከሆነ ኔማቶድ ነው፣ አይን የማያየው ትል ስሩ ውስጥ ገብቶ ነው። ያ ከሆነ ያን ቦታ ለተወሰነ ጊዜ ለቦሎቄም ለቲማቲምም አትጠቀሙበት።

በመጨረሻ ግንዱን ከታች ወደ ላይ በምላጭ ሰንጥቁት። ውስጡ አረንጓዴ ነጭ መሆን አለበት። ቡናማ ክር ከታየ አጠውልግ በሽታ ነው፣ ውሀ የሚያሳልፈው ቱቦ ተዘግቷል። ግንዱ አፈር ጫፍ ላይ አብጦና ተሰንጥቆ ከልጣጩ ስር ትንንሽ ትል ወይ እንደ ሩዝ ስባሪ ያለች ጠቆር ያለች ኩብኩባ (ትሉ ወደ ዝንብ ሊቀየር ሲል የሚሆነው) ካገኛችሁ የቦሎቄ ዝንብ ነው፣ በሞቃት አገሮች ቡቃያን ከሚጨርሱት አንዷ ናት። እናቲቱ ለጋዎቹን ቅጠሎች ወግታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ትሉ በቅጠሉ አገዳ አድርጎ ወደ ግንዱ ይወርዳል፣ እናንተ የምታዩት ግን ቢጫ ቅጠል ብቻ ነው። ዩሪያ ለዚህ ምን ያደርግለታል?

5ኛ፦ የቅጠሉን ሆድ ገልብጡ

ቅጠሉን ገልብጣችሁ በፀሀይ በኩል እዩት። ጥቁር ወይ አረንጓዴ ቅንጣት ነገሮች ተሰብስበው፣ የሚያጣብቅ ነገርና ጉንዳን ካለ ክሽክሽ ነው። ላዩ በመርፌ የተወጋ ይመስል ብናኝ ብናኝ ቢጫ ነጥብ ካለና ከስር ቀጭን ድር ካለ ቀይ ሸረሪት የምትባለው ናት፣ ለማረጋገጥ ነጭ ወረቀት ከስር ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት፣ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ካያችሁ እሷ ናት፣ ደረቅና ሙቀት ትወዳለች። ስትነኩት ብን ብሎ የሚነሳ ነጭ ነገር ካለ ነጭ ዝንብ።

ነጠብጣብ ከሆነ፣ መሀሉ ትንሽ ውሀ የነካው የሚመስል ቡናማ ነጥብ ሆኖ ዙሪያውን ሰፋ ያለ ቢጫ ቀለበት ካለው ባክቴሪያ ነው፣ በቀዝቃዛና ዝናባማ ጊዜ ይበረታል። ሌላው ባክቴሪያ ደሞ ሙቀት ይወዳል፣ እሱ ትልቅ ደረቅ ቡናማ ቦታ ሆኖ ጠርዙ ላይ ቀጭን የሎሚ ቢጫ መስመር ያወጣል። በጣት ሲታሽ የዛገ ብረት የመሰለ ዱቄት ከለቀቀ ዋግ ነው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴና ቀላል አረንጓዴ ተዥጎርጉሮ፣ ተጨማዶና ወደ ታች ተጠቅልሎ ከሆነ ቫይረስ ነው፣ ለቫይረስ መድሀኒት የለውም፣ በግልፅ ልንገራችሁ፣ ነቅላችሁ አስወግዱ፣ ከዛ መደብ ዘር አትያዙ ምክንያቱም በዘርም በክሽክሽም ይተላለፋል።

6ኛ፦ እንዳገኛችሁት አድርጉ

ውሀ በዝቶ ከሆነ። በጣም የተለመደው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ማጠጣት አቁሙ፣ ጣት 5 ሴንቲ ገብቶ ደረቅ ማለት እስኪጀምር አትመለሱ። ጉዝጓዝ ካለ ለጊዜው ገለል አድርጉት አፈሩ ይተንፍስ። በመስመሮቹ መሀል ላዩን ቀስ ብላችሁ ፈልፍሉ፣ ግን ከግንዱ ራቁ፣ የቦሎቄ ስር ላይ ላዩን ነው የሚሄደው። ዝናብ ከሆነ ያመጣው ከመደቡ ጎን ውሀ መውረጃ ቦይ አውጡ። ቦታው ራሱ ውሀ ያዝ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ 30 ሴንቲ ጥልቀት ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሀ ሙሉት፣ ሲደርቅ እንደገና ሙሉትና በሰአት ስንት ሴንቲ እንደሚወርድ በማስመሪያ ለኩ። በሰአት ከ2.5 ሴንቲ በታች ከሆነ እዛ ቦታ ላይ ቦሎቄ በጠፍጣፋ አትዝሩ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ከፍ ያለ መደብ ስሩለት። ስሩ ግማሹ ብቻ ከተበላሸ ግንዱ ዙሪያ አፈር አስታቅፉት፣ ቦሎቄ ከግንዱ ላይ አዲስ ስር ማውጣት ይችላል፣ ይሄ ዘዴ ለቦሎቄ ዝንብም ይሰራል። በጣም የታመመውን ነቅላችሁ አቃጥሉ ወይ ከጓሮው አርቁ።

ደርቆ ከሆነ ቀላል ነው፣ አጠጡ፣ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከማርከፍከፍ በሳምንት ሁለቴ ጠለቅ አድርጋችሁ፣ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከስር፣ በጠዋት።

ብርድ ከሆነስ? ቦሎቄ የሞቃት ተክል ነው፣ የአፈሩ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ሁሉ ነገር ይዘገያል፣ ከ10 በታች ደሞ ዘሩ አፈር ውስጥ በስብሶ ይቀራል። በቀዝቃዛ አፈር ምግብ እያለ ስሩ መውሰድ አይችልም፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ እድገቱ ይቆማል። እዚጋ የሚያስፈልገው ትእግስት ብቻ ነው፣ ቢበዛ ለሊት ለሊት በጨርቅ መሸፈን። ሲሞቅ አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል፣ እናንተ ደሞ ያን ሳምንት የጨመራችሁት ማዳበሪያ የሰራ ይመስላችኋል።

ናይትሮጅን ከሆነ፣ ማለትም ስሩ ነጭና ጤነኛ፣ አፈሩ ደህና፣ የታችኛው ቅጠል በሙሉ እኩል የገረጣ፣ ኖዱል የሌለው ወይ ገና ነጭ ከሆነ። ይሄ በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት መሀል የሚመጣበት ምክንያት አለው። ስንቁ በ10 ቀን አካባቢ ያልቃል፣ ኖዱሉ ደሞ በደንብ ማብላት የሚጀምረው ወደ 3 እና 4 ሳምንት ላይ ነው፣ በመሀል የረሀብ ወቅት አለች። አፈሩ ደህና ከሆነ ራሱ ይሻገራታል። አፈሩ የደከመ ከሆነ ለ1 ካሬ ሜትር አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ፣ 5 ግራም ገደማ ማለት ነው፣ ከግንዱ 10 ሴንቲ አርቃችሁ በትናችሁ ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ አጠጡት፣ ወይ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት በመስመሩ ጎን አድርጉ። አንዴ ብቻ። ከዛ በላይ ከሰጣችሁት ተክሉ ለባክቴሪያው ስኳር የሚከፍልበት ምክንያት ያጣል፣ ኖዱል መስራቱን ይተዋል፣ ቅጠሉ ይፋፋል አበባው ግን ይዘገያል። ቦታው ላይ ከዚህ በፊት ቦሎቄ ተዘርቶ የማያውቅ ከሆነ ደሞ ትክክለኛው ባክቴሪያ ላይኖር ይችላል፣ ለቀጣዩ ዙር የቦሎቄ ራይዞቢየም ገዝታችሁ ዘሩን አሽታችሁ ዝሩ፣ የሌላ ጥራጥሬ ብዙ ጊዜ አይሰራለትም፣ ፀሀይ ላይም አታቆዩት ህይወት ያለው ነገር ነው።

ባይ ዘ ዌይ መደቡ ውስጥ ያልበሰለ ጭድ ወይ ሰጋቱራ ቀላቅላችሁ ከነበረ የናይትሮጅን ሌባው ተገኝቷል። ጭዱን የሚያበሰብሱት ተህዋስያን ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ይሻማሉ፣ ቡቃያው ባዶ እጁን ይቀራል። ላዩ ላይ የተጎዘጎዘ ጭድ ግን ይሄን ያህል ችግር የለበትም፣ የተቀላቀለው ነው ጣጣው።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ፣ ደም ስሮቹ ግን አረንጓዴ ከሆኑ አይረን ነው የሚጠረጠረው። ብዙ ጊዜ አይረኑ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ግን ፒኤች (የአፈሩ አሲዳማነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ ያንሳል) ከ7.5 በላይ ሲሆን ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ቦሎቄ ደሞ ከ6 እስከ 7 ነው የሚመቸው። የደረቀ አፈር ማንኪያ ላይ አድርጋችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፣ ከተፍለቀለቀ ኖራ አለው። ለጊዜው የአይረን ኬሌት (አይረኑ እንዳይቆለፍ ተደርጎ የተሰራ ማዳበሪያ) ቅጠል ላይ መርጨት ያረጋጋዋል፣ ማሸጊያው ላይ በተፃፈው መጠን፣ አመሻሽ ላይ። ለአፈሩ የምትገዙ ከሆነ ኢ.ዲ.ዲ.ኤች.ኤ የሚለውን ምረጡ፣ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ የሚባለው ከፍ ባለ ፒኤች ላይ አይፀናም። እና እባካችሁ አመድ አቁሙ። አመድ ለሁሉ ነገር መድሀኒት አድርገን ይዘነዋል፣ ለተባይም አመድ፣ ለማዳበሪያም አመድ፣ አመድ ግን ፒኤቹን ወደ ላይ ነው የሚገፋው፣ አሲዳማ አፈር ላይ ይጠቅማል፣ ኖራማ አፈር ላይ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ዚንክም እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ነው፣ አዲሱ ቅጠል አንሶ፣ ጠበብ ብሎ፣ መሀል መሀሉ ቢጫ ሆኖ ወደ መዳብ ቀለም የሚሄድ ከሆነ። ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ በብዛት ስትሰጡ ከነበረም ተክሉ ዚንኩን እንዳያገኝ ያደርገዋል።

ኤፕሰም ሶልት የሚባለውን ደሞ ለእያንዳንዱ ቢጫ ቅጠል የሚያዙ ሰዎች አሉ። ማግኒዥየም ነው፣ የሚጠቅመው የታችኛው ቅጠል ደም ስሩ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ ሲሆን ብቻ ነው፣ ለሌላው ጨው መጨመር ነው። ቦሎቄ ደሞ ከአትክልት ሁሉ ጨው ከማይችሉት አንዱ ነው። የአፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ካለና የቅጠሉ ዳር ዳር እየተቃጠለ ከሆነ ምንም አትጨምሩ፣ ውሀ በደንብ የሚያልፍ አፈር ከሆነ አንዴ በብዙ ንፁህ ውሀ አጥባችሁ አስወርዱት።

ተባይ ከሆነ፣ ክሽክሽን መጀመሪያ በውሀ ግፊት አጥቡት፣ ካልበቃ በ1 ሊትር ውሀ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ የቅጠሉን ሆድ እንዲነካ፣ ፀሀይ ሳይኖር፣ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፣ ከዛ በ5 ቀን ድገሙት። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው። ለቀይ ሸረሪትም ያው፣ ቅጠሉን ማርጠብ ራሱ ያስጠላታል። በሽታ ከሆነ ግን ማለትም ነጠብጣቡ፣ ተቃራኒውን ነው፣ ቅጠል ላይ ውሀ አታፍስሱ፣ እርጥብ ሆኖ መሀሉ አትግቡ፣ እጃችሁና ልብሳችሁ ነው ባክቴሪያውን ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያዞረው። ከዛ 2 እና 3 አመት እዛ ቦታ ቦሎቄ አትመልሱ።

7ኛ፦ አሁንም ካልገባችሁ ፍጉን ጠርጥሩ

ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አንዳንድ የግጦሽ ፀረ አረሞች ሳሩን የበላው ከብት ሆድ ውስጥ አልፈው፣ ፍጉ ውስጥ፣ ኮምፖስቱ ውስጥ ሳይቀር ለወራት ይቆያሉ። ቦሎቄ ለነዚህ በጣም ስስ ነው፣ አዲሱ ቅጠል ይጠበባል፣ እንደ ማንኪያ ይታጠፋል፣ ይጠማዘዛል፣ ይገረጣል። ከውጪ የመጣ ፍግ ወይ ገለባ ተጠቅማችሁ ከነበረ እንዲህ ፈትኑ፦ 6 ኩባያ ወይ ማሰሮ አዘጋጁ፣ 3ቱ ላይ ፍጉን ከንፁህ አፈር ጋር ግማሽ በግማሽ፣ 3ቱ ላይ ንፁህ አፈር ብቻ፣ በእያንዳንዱ 3 የቦሎቄ ፍሬ ዝሩ። ከታች ቀዳዳ ይኑራቸው፣ የአንዱ ውሀ ወደ ሌላው እንዳይሄድ ለየብቻ አስቀምጡ። በ3 ሳምንት ውስጥ ባለ ሶስቱ ቅጠል ይወጣል፣ የፍጉ ተጠማዞ የሌላው ደህና ከሆነ መልሱ እሱ ነው። ያንን ፍግ ለማንም አትስጡ።

ችግኝ ማፍያ ላይ አፍልታችሁ ያዛወራችሁትም ለጥቂት ቀን መገርጣቱ ያለ ነው፣ ቦሎቄ ስሩ ሲነካ አይወድም፣ ከቤት ውስጥ በቀጥታ ፀሀይ ላይ የወጣም ነጣ ነጣ ይላል። ጥላ ውስጥ ሆኖ አንገቱ የረዘመና የገረጣ ከሆነ ብርሀን ነው የጎደለው፣ በቃ።

8ኛ፦ ስንት ቀን ልጠብቅ?

ከ7 እስከ 10 ቀን። ጭራሽ ቢጫ የሆነው ቅጠል ብዙ ጊዜ አይመለስም፣ እሱን እያያችሁ አትጨነቁ፣ መዳኑን የሚነግራችሁ አዲስ የሚወጣው ባለ ሶስቱ ቅጠል ነው፣ ያነሳችሁትን ፎቶ አውጥታችሁ አወዳድሩ። እና በአንዴ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ውሀም ቀንሳችሁ ዩሪያም ሰጥታችሁ ሳሙናም ረጭታችሁ ከዳነ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደሞ ሶስቱንም ትደግማላችሁ።

ስሩ ከግማሽ በላይ ከበሰበሰ ግን አታስታምሙት። ቦሎቄ ፈጣን ተክል ነው፣ የታመመውን አንድ ወር ከምታባብሉ አዲስ ብትዘሩ ይቀድመዋል። ሌላ ቦታ ምረጡ፣ አፈሩን በዋዜማው አጠጡት፣ በማግስቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ጥልቀት፣ በፍሬና በፍሬ መሀል 10 ሴንቲ አድርጋችሁ ዝሩ። ፍሬውን ሌሊቱን ሙሉ ውሀ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ ቶሎ ውሀ ጠጥቶ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ እርጥቡ አፈር ይበቃዋል። አንገቱን ቀና አድርጎ ከአፈር እስኪወጣ ድረስ ደሞ ላዩ ካልደረቀ በስተቀር ውሀ ይዛችሁ አትምጡ።